ከኦንላይን ጌም የተወለደ ልብ ወለድ እንዴት ይገመገማል? «ዘ ኢምፒሪያን ኤጅ»ን ይዘን ደረጃ በደረጃ

በጌም ላይ ተመሥርተው የተጻፉ ልብ ወለዶች ሲገመገሙ አብዛኛውን ጊዜ የምናገኘው ሁለት ዓይነት ጽሑፍ ነው። አንዱን የጻፈው ጌሙን የሚወድ ሰው ነው። የሚያውቃቸው መርከቦች አሉ፣ የሚያውቃቸው ቦታዎች አሉ፣ በቃ መጽሐፉ ግሩም ነው። ሌላውን የጻፈው ጌም ነክቶ የማያውቅ ሰው ነው። ሽፋኑ ላይ የጌሙን ስም ሲያይ «ማስታወቂያ ነው» ብሎ ገና ሳይጀምረው ይጨርሰዋል። ሁለቱም ስለ መጽሐፉ ምንም አልነገሩንም።

እንዲህ ዓይነት መጽሐፍ የተሻለ አንባቢ ይገባዋል። ደራሲው እኮ ከባድ ሥራ ነው የተሸከመው። ብዙ ሺህ ሰው በየቀኑ እየገባ የሚኖርበትን ዓለም ተውሶ፣ ከዚያ ዓለም አንድም ነገር ሳያፈርስ፣ ጌሙን ጨርሶ ለማያውቅ ሰው ጭምር የሚሆን ታሪክ መንገር አለበት። ስለዚህ ግምገማችን ሁሉ የሚዞረው በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ነው፦ መጽሐፉ ጌሙ ሊሰጠን የማይችለውን ነገር ሰጥቶናል ወይ? ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ ይህን ጥያቄ ለመመለስ የሚረዱ ናቸው።

በደፈናው እንዳናወራ አንድ መጽሐፍ ይዘን እንሂድ። የቶኒ ጎንዛሌስን «ዘ ኢምፒሪያን ኤጅ» መርጫለሁ። በ2008 የወጣ፣ ኢቭ ኦንላይን በሚባለው የጠፈር ጌም ላይ የተመሠረተ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ነው።

መጀመሪያ፦ ጌሙን በልኩ እወቁት

ጌሙን ለዓመታት መጫወት አይጠበቅባችሁም። ምን ዓይነት ዓለም እንደሆነ ግን ማወቅ አለባችሁ። ኢቭ ኦንላይንን የሠራው ሲሲፒ የተባለ የአይስላንድ ኩባንያ ነው፣ መቀመጫው ሬይክያቪክ። ጌሙ የወጣው በግንቦት 2003 ነው። ከሌሎች ኦንላይን ጌሞች የሚለየው ተጫዋቹ በየሰርቨሩ ተበታትኖ ሳይሆን አብዛኛው በአንድ ዓለም ውስጥ አብሮ መኖሩ ነው። ኒው ኤደን የሚባለው ይህ ዓለም ከ7,000 በላይ የኮከብ ሥርዓቶች አሉት። ነጋዴው፣ ሽፍታው፣ ማዕድን ቆፋሪው፣ የጦር አዛዡ፣ ሰላዩ፣ ሁሉም ከኮምፒውተር ጀርባ የተቀመጠ እውነተኛ ሰው ነው።

ይህ ለገምጋሚ ትልቅ ነገር ነው። ለምን? በኢቭ ውስጥ ትልልቁን ታሪክ የሚሠሩት ተጫዋቾቹ ራሳቸው ናቸውና። በጥር 2014 የሆነውን ተመልከቱ። አንድ የተጫዋቾች ቡድን ለያዘው የኮከብ ሥርዓት የሚከፈለው ክፍያ በጊዜው ሳይከፈል ቀረ። ተቃዋሚዎቹ ዘለው ገቡ። ጦርነቱ 21 ሰዓት ያህል ፈጀ፣ ከ7,500 በላይ ተጫዋቾች ተሳተፉበት፣ ታይታን የሚባሉት ግዙፍ መርከቦች ብቻቸውን 75 ወደሙ። የጠፋው ንብረት በእውነተኛ ገንዘብ ሲታሰብ ከ300,000 ዶላር በላይ ተገምቷል። ይህን ማንም ደራሲ አልጻፈውም። ታዲያ ከእንዲህ ዓይነት ጌም ልብ ወለድ የሚጽፍ ሰው የሚፎካከረው ከሌላ ደራሲ ጋር ብቻ አይደለም፣ ከተጫዋቾቹ ትዝታ ጋርም ነው።

ጌሙን መሞከር ከፈለጋችሁ ከኅዳር 2016 ጀምሮ በነጻ መግባት ይቻላል፣ የተወሰኑ ነገሮች ይቆለፉባችኋል እንጂ። ጥቂት ምሽቶች ይበቃሉ። መርከብ ውስጥ ግቡ፣ ከአንዱ ሥርዓት ወደ ሌላው ዝለሉ፣ አንዴ መርከባችሁ ሲፈነዳ እዩ። ይህን የመጨረሻውን አትዝለሉት፣ ወደ ኋላ ላይ ያስፈልገናል።

ቀጥሎ፦ ዊኪ ሳትከፍቱ አንብቡ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። መጽሐፉን ከፍቶ አንድ የማያውቀው ስም ሲመጣ ስልኩን ያነሣል፣ የጌሙን ዊኪ (ተጫዋቾች ስለ ጌሙ ዓለም መረጃ የሚያሰባስቡበትን ድረ ገጽ) ያነባል፣ ተመልሶ ይቀጥላል። እንዲህ ከሆነ እያነበባችሁ ያላችሁት መጽሐፉን ሳይሆን ዊኪውን ነው። ደራሲው ዓለሙን በራሱ አቅም ማስረዳት መቻል አለመቻሉን በፍጹም አታውቁም።

የመጀመሪያውን ንባብ ያለ ምንም እገዛ ጨርሱት። ግራ የገባችሁበት ገጽ ላይ የጥያቄ ምልክት አድርጉ፣ በቃ። ጥያቄው በኋላ በታሪኩ ውስጥ ከተመለሰ ምልክቱን ሰርዙት። መጽሐፉ ሲያልቅ ያልተሰረዙት ምልክቶች በሙሉ ማስረጃ ናቸው።

«ዘ ኢምፒሪያን ኤጅ» ለዚህ ጥሩ መፈተኛ ነው፣ ዓለሙ ትንሽ አይደለማ። አራት ታላላቅ መንግሥታት አሉ። አማር ሃይማኖቱን ይዞ የሚስፋፋ ኢምፓየር ነው። ሚንማታር በአማር ባርነት ኖሮ፣ አምፆ ከፊሉ ነጻ የወጣ ሕዝብ ነው። ጋለንቴ ዴሞክራሲያዊ ፌዴሬሽን ነው። ካልዳሪ ደግሞ ግዙፍ ኩባንያዎች የሚገዙት አገር ነው፣ ከጋለንቴ ተገንጥሎ የወጣ፣ የትውልድ ፕላኔቱን ግን በጋለንቴ እጅ ትቶ የመጣ። ይህ ሁሉ ቂም መጽሐፉ ከመጀመሩ በፊት የተጠራቀመ ነው። ጌመሩ ይህን ያውቃል። አዲሱ አንባቢ አያውቅም።

አንድ ምሳሌ በቅርበት እንይ። ምዕራፎቹ ሲጀምሩ ከላይ የቦታ አድራሻ ተቀምጧል፦ ክልሉ፣ የኮከቦች ስብስቡ፣ ከዚያ የኮከብ ሥርዓቱ። ጌመር ይህን መስመር ሲያይ ልቡ ይዘላል። ቦታውን ያውቀዋል፣ ስንት ዝላይ እንደሚርቅ ያውቃል፣ ምናልባት እዚያው መርከብ ጠፍቶበታል። ጌሙን ለማያውቅ ሰው ግን ያው መስመር በዓይን ታልፎ የሚሄድ የስሞች ክምር ነው። ገምጋሚው ሁለቱንም መናገር አለበት። «አድራሻው ለተጫዋች ስጦታ ነው፣ ለአዲስ አንባቢ ግን ቦታው ውስጥ የሚያስገባው ከአድራሻው ቀጥሎ ያለው አንቀጽ ነው፣ ያ አንቀጽ ደግሞ እዚህ ምዕራፍ ላይ ሠርቷል፣ እዚያኛው ላይ አልሠራም» ብላችሁ ብትጽፉ አንባቢያችሁ አንድ ነገር ያዘ ማለት ነው።

በሁለተኛው ንባብ፦ ክሮቹን ለዩ

ሙሉውን መድገም ላያስፈልግ ይችላል። ምልክት ያደረጋችሁባቸውን ቦታዎችና የእያንዳንዱን ዋና ገጸ ባሕርይ መግቢያና መውጫ እንደገና አንብቡ።

የጌም ልብ ወለዶች ብዙ ክር፣ ማለትም ጎን ለጎን የሚሄዱ የተለያዩ ሰዎች ታሪኮች፣ ይወዳሉ። ሁሉም የጌሙ ወገን በመጽሐፉ ውስጥ ራሱን ማግኘት ይፈልጋላ! የአማር ተጫዋች ስለ አማር፣ የካልዳሪው ስለ ካልዳሪ። እዚህ መጽሐፍ ውስጥ ማን እንደሆነ ሳያውቅ በማያውቃቸው ሰዎች እጅ የሚነቃ ሰው አለ። ያለፈ ሕይወቱ የሚያሳድደው አምባሳደር አለ። የፋብሪካ ሠራተኞችን ይዞ የሚያምፅ ቲቡስ ሄዝ የሚባል ሰው አለ። ሌሎችም አሉ። ምዕራፎቹ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላሉ።

አንድ ወረቀት ላይ በየክሩ ስም አምድ ሥሩና ምዕራፎቹን አስገቡ። ከዚያ በየአምዱ ጠይቁ፦ ይህን ክር ብናወጣው ታሪኩ ይፈርሳል ወይ? የማይፈርስ ከሆነ ክሩ የገባው ለታሪኩ ሳይሆን ለጌሙ ወገኖች ኮታ ለማሟላት ሊሆን ይችላል። የኔ አስተያየት፣ ይህ መጽሐፍ ከሚችለው በላይ ክር ይዟል። ሰው ሲለምድ ምዕራፉ ያልቃል። የሠራተኞቹ ክር ግን ብቻውን አንድ ሙሉ መጽሐፍ ይወጣው ነበር።

ዋናው ፈተና፦ ሞት

እዚህ ላይ ረዘም አድርገን እንቆይ፣ የጌም ልብ ወለድ የሚወድቀውም የሚነሣውም እዚህ ነውና።

ጌም ውስጥ ሞት ትርጉሙ ሌላ ነው። ትሞታላችሁ፣ ትነሣላችሁ፣ ትቀጥላላችሁ። ልብ ወለድ ደግሞ ያለ ሞት፣ ያለ እውነተኛ መጥፋት፣ ክብደት አይኖረውም። አብዛኞቹ የጌም ልብ ወለዶች ይህን ችግር ዝም ብለው ያልፉታል። ጌሙ ውስጥ እንደሚነሱ ሁላችንም እናውቃለን፣ መጽሐፉ ግን እንዳላወቀ ይሆናል።

ኢቭ በዚህ በኩል ዕድለኛ ነው፣ መልሱን በራሱ ዓለም ውስጥ ይዟል። ተጫዋቹ የሚጫወተው ካፕሱሊር የሚባለውን ሰው ሆኖ ነው። ካፕሱሊር በፈሳሽ በተሞላ ካፕሱል ውስጥ ተኝቶ መርከቡን በአእምሮው የሚነዳ አብራሪ ነው። ካፕሱሉ ሲሰበር አእምሮው ሩቅ ቦታ ወደተዘጋጀ ክሎን፣ ማለትም የራሱ ቅጂ ወደሆነ ሌላ ገላ፣ ይተላለፋል፣ ሰውየው እዚያ ይነቃል። ስለዚህ አይሞትም። አሁን ያንን የፈነዳ መርከባችሁን አስታውሱ። እናንተ ጣቢያ ላይ ነቅታችሁ ሌላ መርከብ ገዛችሁ። ነገር ግን በጌሙ ታሪክ መሠረት ትልልቆቹ መርከቦች ሠራተኞች አሏቸው፣ በመቶዎችና በሺዎች የሚቆጠሩ። እነሱ ክሎን የላቸውም። ጌሙ እነዚህን ሰዎች አያሳያችሁም። ስማቸውን አታውቁም፣ ሲጮሁ አትሰሙም።

ልብ ወለድ ግን ሊያሳያችሁ ይችላል! ጌሙ የማይችለው፣ መጽሐፉ የሚችለው ነገር ይህ ነው። የማይሞት ሰው በሚሞቱ ሰዎች ላይ ሥልጣን ሲኖረው ምን ይሆናል? ግምገማችሁን ስትጽፉ ይህን ጥያቄ ወደ መጽሐፉ ይዛችሁ ግቡ። የሚሞቱት ሰዎች ፊት አላቸው ወይስ ቁጥር ብቻ ናቸው? ካፕሱሊሮቹ ሩቅ አማልክት ሆነው ቀርተዋል ወይስ ከውስጣቸው ታይተዋል? ከመጽሐፉ አንድ ትዕይንት ምረጡና መልሱን እሱ ላይ አሳዩ። ጎንዛሌስ ከታች ያሉትን ሰዎች፣ የፋብሪካውን ሠራተኛ፣ ባሪያውን፣ ተራ ወታደሩን ሲጽፍ ነው ብዕሩ የሚሞቀው፣ ለኔ ቢያንስ።

ባርነቱንም እንዲሁ መርምሩት። በጌሙ ዓለም አማሮች ባሪያዎችን ቪቶክ በሚባል ነገር ይቆጣጠራሉ። ባሪያው ሰውነቱ ውስጥ መርዝ አለ፣ በየጊዜው መድኃኒቱን ካላገኘ ይሞታል፣ ስለዚህ አያመልጥም። ጌሙ ላይ ይህ በመግለጫ የሚነበብ መረጃ ነው። በልብ ወለድ ውስጥ ግን ሰው ነው የሚሸከመው። ደራሲው እንዲህ ያለ ከባድ ነገር ሲያነሣ ለጌጥ ካነሣው በግልጽ ተናገሩ፣ በሚገባ ከያዘውም እንዲሁ። ይህ በጨዋነት ተለሳልሶ የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም።

ውጊያዎቹን ሞክሯቸው

ይህ አጭር ነው። ኢቭ ውስጥ መርከብ ሦስት ሽፋን አለው፦ ጋሻ፣ ትጥቅ፣ ከዚያ ገላው። ተጫዋቹ ሦስቱ ሲወርዱ ስክሪን ላይ ያያል። ሰነፍ ደራሲ ይህንኑ ወደ ወረቀት ይገለብጠዋል። እንዲህ ዓይነቱን ማለቴ ነው፣ ለምሳሌ ያህል እኔ የጻፍኩት፦ «ጋሻው ወደ 40 በመቶ ወረደ። ሁለተኛው ሚሳይል መታው። ትጥቁ መቃጠል ጀመረ።» ይህ ትረካ አይደለም፣ የስክሪን ንባብ ነው።

ፈተናው ቀላል ነው። አንድ የውጊያ ገጽ ውሰዱና የመርከቦቹንና የመሣሪያዎቹን ስም በእርሳስ ሰርዙ። የቀረው ውስጥ የሚፈራ፣ የሚወስን፣ የሚሳሳት ሰው ካለ ገጹ ቆሟል። ምንም ካልቀረ ገጹ የጌም ሪፖርት ነው።

ገጸ ባሕርይን በማስረጃ ጻፉ

ግምገማዎች ላይ በጣም የሚያናድደኝ ዓረፍተ ነገር «ገጸ ባሕርያቱ ጥሩ ተደርገው ተሥለዋል» የሚለው ነው። ምን ማለት ነው? የትኛው? የት ገጽ ላይ? ስለ ቲቡስ ሄዝ ብጽፍ እንዲህ እጽፍ ነበር፦

«ሄዝ የፋብሪካ ሠራተኛ ነው። መጀመሪያ ላይ ሙሉ በሙሉ ከእሱ ጋር ነበርኩ። ኩባንያው ዕድሜውን በልቶበታል፣ ቁጣው ይገባኛል። ቁጣው ከአለቆቹ ተነሥቶ ወደ ሌላ ሕዝብ ሲዞር ግን መጽሐፉ ቸኩሏል። ሰውየው ውስጡ ምን እንደተሰበረ ሳላይ ብዙ ሕዝብ ሲከተለው አየሁ። ደራሲው የተበደለ ሰው በዳይ ሲሆን ሊያሳየን ፈልጓል፤ የበደሉን ክፍል አሳምሮ ጽፎታል፣ መለወጡን ግን በሩጫ አልፎታል።»

ልዩነቱ ይታያችኋል? የምወደውን ተናግሬያለሁ፣ የከፋኝን ተናግሬያለሁ፣ ሁለቱም የታሪኩ የተወሰነ ቦታ ላይ ቆመዋል። አንባቢው በእኔ ባይስማማ እንኳ የት ሄዶ መፈተሽ እንዳለበት ያውቃል።

ማን አስጻፈው?

ይህን ሳይናገሩ ማለፍ ለአንባቢ ተገቢ አይደለም። ጎንዛሌስ መጽሐፉን ሲጽፍ የሲሲፒ ሠራተኛ ነበር። በሰኔ 2008 ጌሙ ላይ ትልቅ አፕዴት ወጣ፣ ስሙም ከመጽሐፉ ጋር አንድ ነው፤ ተጫዋቾች ለአራቱ መንግሥታት ተሰልፈው እንዲዋጉ በር የከፈተውም እሱ ነው። መጽሐፉ እንግዲህ ያ ጦርነት እንዴት እንደተነሣ የሚተርክ ነው።

ይህ መጽሐፉን በራሱ አያዋርደውም። በትእዛዝ የተጻፈ ሥራ ጥሩ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን መጨረሻው አስቀድሞ የተወሰነ መሆኑን አንባቢ ማወቅ አለበት፦ ጦርነቱ የግድ መነሣት ነበረበት፣ ጌሙ ይጠብቀዋላ። ስለዚህ ገምጋሚው የሚጠይቀው «ጦርነቱ የተነሣው ሰዎቹ ስለመረጡት ነው ወይስ አፕዴቱ ስለደረሰ?» የሚለውን ነው። ይህን ጥያቄ ይዛችሁ የመጨረሻዎቹን ምዕራፎች አንብቡ።

ጌም ሊዘጋ እንደሚችልም አትርሱ። የጎንዛሌስ ሁለተኛው የኢቭ መጽሐፍ «ቴምፕላር ዋን» በ2011 የወጣ ሲሆን ደስት 514 ከሚባለው የፕሌይስቴሽን 3 ጌም ጋር የተያያዘ ነበር። ያ ጌም በ2013 ወጥቶ በ2016 ተዘጋ። መጽሐፉ አሁንም አለ። ዛሬ የሚያነበው ሰው ጌሙን ልጫወት ቢል አይችልም። ስትገመግሙ ይህን ሰው ሁልጊዜ አስቡት፦ ጌሙ ባይኖር ይህ መጽሐፍ ብቻውን ይቆማል?

ስፖይለር ለማን?

እዚህ ትንሽ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለጌመሩ ያለፈ ታሪክ የሆነው ነገር ለአዲሱ አንባቢ ስፖይለር ነው፣ ታሪኩን አስቀድሞ የሚያጋልጥበት። ሄዝ ወደ ሥልጣን መውጣቱ በጌሙ ዓለም ከ2008 ጀምሮ ሁሉም የሚያውቀው ነው፤ መጽሐፉን ብቻ ለያዘ ሰው ግን ገና የሚመጣ ነው። የኔ ደንብ፣ ከመጽሐፉ የመጀመሪያ አንድ ሦስተኛ ውስጥ የሚገኘውንና የጀርባ ሽፋኑ ላይ ያለውን በነጻነት እናገራለሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን ማንሣት ካስፈለገኝ መጨረሻ ላይ «ላነበቡ ብቻ» የሚል ክፍል ከፍቼ እዚያ አስገባዋለሁ። የማን መርከብ እንደወደመ፣ ማን እንደተመለሰ፣ ማን እንደሞተ እዚያ ይግባ።

አሁን ጻፉት

በመጀመሪያው አንቀጽ ፍርዳችሁን ተናገሩ፣ አታንጠልጥሉት። በሁለተኛው ዓለሙን አምስት በማይሞሉ ዓረፍተ ነገሮች አስተዋውቁ። አራቱን መንግሥታት በሙሉ ከነታሪካቸው መዘርዘር አያስፈልግም፤ ልትናገሩት ለፈለጋችሁት ነገር የሚያስፈልጉት ይበቃሉ። በአማርኛ ስትጽፉ አብዛኛው አንባቢያችሁ ኢቭን ተጫውቶ እንደማያውቅ አስቡና ካፕሱሊር ምን እንደሆነ በአንድ መስመር አስረዱ። የገጸ ባሕርያቱን ስም መጀመሪያ ላይ በመረጣችሁት አጻጻፍ እስከ መጨረሻ ያዙ፣ አንዴ «ሄዝ» አንዴ «ሄት» እየተባለ የሚሄድ ጽሑፍ ሰውን ያደክማል።

ከዚያ ወደ ጠንካራው ማስረጃችሁ ግቡ። የሞቱ ጥያቄ ይሁን፣ የሄዝ ክር ይሁን፣ በአንዱ ላይ ረዘም አድርጋችሁ ቆዩ፣ ሌላውን በአጭሩ እለፉት። ሁሉንም እኩል መንካት ግምገማውን እንደ ቅጽ መሙላት ያደርገዋል።

መጨረሻ ላይ ማን ቢያነበው ጥሩ እንደሆነ ለይታችሁ ንገሩ። ለዚህ መጽሐፍ የኔ መልስ ይህ ነው። ኢቭን የምትጫወቱ ከሆነ አንብቡት፣ ጠፈሩ ውስጥ እነማን እንደሚሞቱ ታያላችሁ። ጌሙን የማታውቁ ግን ፖለቲካ ያለበት የጠፈር ታሪክ የምትወዱ ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች ታግሣችሁ እለፏቸው፣ የስሞች ዝርዝር የምትጽፉበት ወረቀት አጠገባችሁ ይሁን። ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሞክሩ ከሆነ ግን በዚህ አትጀምሩ። ሲሲፒ በድረ ገጹ ላይ በነጻ ያወጣቸው «ክሮኒክል» የሚባሉ የዚሁ ዓለም አጫጭር ታሪኮች አሉ፤ አንድ ሁለቱን አንብባችሁ ከጣማችሁ ወደ መጽሐፉ ተሻገሩ።